ከባሕር ዳር ለአንድ ቀን የመሬት ሳይንስ ጉዞ የት ይሻላል? ሳይንስ ለማያጠኑ ተማሪዎች አምስት መዳረሻዎች ሲነጻጸሩ

የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ የተባለውን የአንደኛ ዓመት ኮርስ ከሚወስዱት ተማሪዎች ብዙዎቹ በኋላ የሚገቡት ሕግ፣ አካውንቲንግ፣ ቋንቋ ወይም ማኔጅመንት ነው። ስለ አለት፣ ስለ አፈር፣ ስለ ተፋሰስና ስለ አየር ንብረት ክፍል ውስጥ የሚሰሙት የመጨረሻው ነገር ይኸው ኮርስ ሊሆን ይችላል። ባሕር ዳር ላይ የሚማር ሰው ይህን ሁሉ በስላይድ ብቻ አይቶ ቢያልፍ ያሳዝናል፤ ትምህርቱ ከዩኒቨርሲቲው የፔዳ ግቢ አጥር ወጣ እንዳሉ በእግር የሚረገጥ ነውና።

ችግሩ ምርጫው ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ ተገኝቷል፣ ጥቂት ገንዘብ ተዋጥቷል፣ ሚኒባስ ሊከራዩ ነው። አንዱ ጢስ ዓባይ ይላል፣ አንዷ ዘጌ ትላለች፣ ሌላው «ግሽ ዓባይን ሳናይማ ምኑን ተማርነው» ይላል። ክርክሩ ሲረዝም የሚያሸንፈው ብዙ ጊዜ ፎቶ የሚያምርበት ቦታ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለመምህራን፣ ለክበብ ተጠሪዎችና ተቧድነው በራሳቸው ለሚወጡ ተማሪዎች ነው። መነሻዬ አንድ ነው፤ ቦታው የሚመረጠው ተማሪው ሲመለስ ሊመልሰው በሚገባው ጥያቄ እንጂ በስሙ አይደለም።

መጀመሪያ መመዘኛው

አንደኛው መመዘኛ ያለ መሣሪያ የሚታየው ነገር ብዛት ነው። ላቦራቶሪ የለም፣ ማይክሮስኮፕ የለም። ተማሪው በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ነክቶ «ይህ እንዴት እዚህ መጣ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን ቢያንስ በከፊል እዚያው ማግኘት አለበት። ለዚህ ከሌሎቹ እጥፍ ክብደት እሰጠዋለሁ።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። መኪና ውስጥ የሚያልፈው ጊዜ ቦታው ላይ ከሚያልፈው ከበለጠ ጉዞው ሽርሽር ሆኗል ማለት ነው። ሦስተኛው ወጪው ለአንድ ሰው ሲካፈል የሚደርሰው ልክ ነው፤ ጀልባም ሚኒባስም የሚከራየው በሙሉ ስለሆነ ስምንት ሰውና ሃያ ሰው እኩል አይከፍሉም። አራተኛው ወቅት ነው፣ ምክንያቱም አንዱ ቦታ በጥቅምት የሚያስተምረውን በሚያዝያ አያስተምርም።

አምስተኛው ደኅንነት ነው። ገደል፣ ውኃና ጉማሬ አንድ ነገር ናቸው፤ የመንገዱ ሰላም ሌላ ነው። ባለፉት ዓመታት በክልሉ መንገዶች በድንገት ሲዘጉና ሲከፈቱ አይተናል። ስለዚህ ከከተማ ለሚያስወጣ ማንኛውም ምርጫ ዋዜማውን መናኸሪያ ሄዶ በዚያ መስመር ዕለት ዕለት የሚመላለሱ ሾፌሮችን መጠየቅ፣ የግቢውንም ፈቃድ መያዝ ግድ ነው። ሾፌሮቹ ካመነቱ ቀኑን መቀየር ነው።

የከተማው ሐይቅ ዳርቻና የዓባይ መውጫ

ብዙ ሰው ይህን ከጉዞ አይቆጥረውም። እኔ ግን ከአምስቱ በጣም የተናቀው ምርጫ ይህ ነው እላለሁ።

ጣና 1,786 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን፣ በሀገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ጥልቅ በተባለው ቦታ ግን 14 ሜትር ቢሆን ነው። ተማሪው ዳር ቆሞ ይህን ሲሰማ አያምንም። ደብተር አውጥቶ የሐይቁን 60 ኪሎ ሜትር ስፋት በ60 ሳንቲ ሜትር መስመር ይወክለው፤ በዚያው ልክ ጥልቀቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሩብ እንኳ አይሞላም፣ ከእርሳሱ መስመር ውፍረት ያንሳል። ስለ ትነት፣ ስለ ደለልና ስለ ድርቅ የሚነገረው ሁሉ ትርጉም የሚያገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ አንድ ጊዜ ደርቋል። ተመራማሪዎች ከሐይቁ ወለል ባወጡት ደለል ውስጥ የደረቀ መሬት ምልክት፣ ከላዩም የረግረግ ቅሪት አግኝተዋል። ከ16,700 እስከ 15,100 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ዛሬ ጀልባ የሚሄድበት የሐይቁ መሃል የደንገል ረግረግ ነበር። ከዚያ ውኃው እየጨመረ መጣ፤ መውጫ ስላልነበረው ትንሽ ጨዋማ ሆነ፤ ከ14,750 ዓመት ገደማ በፊት ሞልቶ ወደ ዓባይ ፈሰሰና እንደገና ጣፈጠ። የአየር ንብረት ለውጥ ምን ማለት እንደሆነ ለሕግ ተማሪ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ታሪክ አላውቅም። ደግሞም የሚነገረው እዚያው ውኃው ፊት ቆሞ ነው።

በእጅ የሚሠራም አለ። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት በፌስታል ጠቅልላችሁ የዳርቻው አሸዋ ውስጥ ጎትቱት። ጥቃቅን ጥቁር ብናኝ በፌስታሉ ላይ ፀጉር አውጥቶ ይቆማል። ብረት አዘል ማዕድን ነው፤ ከባዛልት፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ ከረጋ ጥቁር አለት፣ ተፈርፍሮ በወንዝና በማዕበል የመጣ። ፌስታሉን ገልብጣችሁ ማግኔቱን ስታወጡት ብናኙ ወረቀት ላይ ይራገፋል። አለት እንዴት አሸዋ እንደሚሆን፣ አሸዋም ከየት እንደመጣ እንዴት እንደሚታወቅ በአሥር ደቂቃ ተማርን ማለት ነው።

ሌላው የውኃው ከፍታ ነው። ሐይቁ ከፍ የሚለው በመስከረምና በጥቅምት፣ ዝቅ የሚለው በግንቦትና በሰኔ ሲሆን የዳር ድንጋዮች ላይ የቀረውን መስመር ማየት ይቻላል። በ1988 ዓ.ም. በሐይቁ መውጫ፣ ጨረጨራ ላይ የውኃ መቆጣጠሪያው ከተሠራ ወዲህ፣ በኋላም በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ማመንጫ ውኃውን በምዕራብ በኩል በዋሻ መውሰድ ከጀመረ በኋላ ከፍታውን የሚወስነው ዝናብ ብቻ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ወደ ከተማው የሚነፍሰው ነፋስም ትምህርት ነው፤ መሬቱ ከውኃው ፈጥኖ ስለሚሞቅ ላዩ ያለው አየር ይነሳል፣ ከሐይቁ ላይ ያለው ቀዝቃዛ አየር ቦታውን ሊይዝ ይመጣል።

ጉድለቱ አለት በቁሙ አለመታየቱ ነው። ጥንቃቄው ደግሞ ሁለት፦ ከመውጫው ወዲህ ባለው የዓባይ ክፍል ጉማሬ ስላለ ሣሩ ውስጥ አትግቡ፤ ድልድዮቹና መቆጣጠሪያው አጠገብ ሳትጠይቁ ካሜራ አታንሱ። ከቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወንዙን ከላይ ማየት ከተቻለ ቀኑ ይሞላል።

ጢስ ዓባይ

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጢስ ዓባይ ከተማ ደርሶ ትኬት ከተቆረጠ በኋላ ያለው በእግር ነው። አንድ ቀን ብቻ ላለው፣ መንገዱም ሰላም ከሆነ፣ ከአምስቱ የምመርጠው ይህንን ነው፤ ምክንያቴ ግን ፏፏቴው ማማሩ አይደለም።

እዚህ አለቱ ተቆርጦ ቆሟል። 40 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው ገደል የተሠራው ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ ከረጋ ባዛልት ነው። የወደቀ ቁራጭ አንስታችሁ እዩት፤ እንደ እንጀራ ዓይን ቀዳዳ የሞላው ታገኛላችሁ። ምክንያቱም ተመሳሳይ ነው፦ ቅልጡ ሲበርድ ውስጡ የነበረው ጋዝ አረፋ እየሠራ ወጣ፣ አረፋው ሳይዘጋ አለቱ ረጋ። ቀዳዳው ባዶ ከሆነ አረፋው እንዳለ ቀርቷል ማለት ነው። በነጭ ማዕድን ከተሞላ ደግሞ ከረጋ በኋላ ለረጅም ዘመን ውኃ በውስጡ ሲያልፍ ማዕድን አስቀምጧል። ነጩ ላይ የኮምጣጤ ጠብታ ጣል አድርጉ፤ ቢፈላ ካልሳይት (የኖራ ድንጋይ የሚሠራበት ማዕድን) ነው፣ ዝም ካለ ሌላ ማዕድን ነው።

በጣና ዙሪያ ያለው አለት ዕድሜው አንድ ዓይነት አይደለም። አብዛኛው ከ34 እስከ 24 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ የፈሰሰና የፈነዳ ነው። በአንዳንድ ቦታ ያለው ቀዳዳማ ባዛልት ግን ሲለካ 33,000 ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። በመሬት ታሪክ ይህ የትናንት ነው። ሐይቁ በደቡብ በኩል የታገደው በወጣት የባዛልት ፍሰት ነው የሚለውም ማብራሪያ የቆየ ነው፤ ጢስ ዓባይ የሚቆመው እዚሁ ታሪክ ላይ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ፏፏቴ ባለበት ቦታ እንደማይቆይ ነው። ውኃው ከሥር እየቦረቦረ ላዩን ይጥለዋል፣ ገደሉ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፣ ከታች ጠባብ ሸለቆ ይቀራል። ይህን ለማየት ወደ አላታ ድልድይ መውረድ ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1626 እ.ኤ.አ. ገደማ የተሠራው የድንጋይ ድልድይ የቆመው ወንዙ በአለት መሃል በጠበበበት ቦታ ነው። ተማሪዎቹን «መሐንዲሱ ለምን እዚህ መረጠ?» ብላችሁ ጠይቋቸው፤ የታሪክ ተማሪ ሳይቀር የጂኦሎጂ መልስ ይሰጣል።

ሦስተኛው ስልክ ብቻ ይፈልጋል። ከገደሉ አፍ ላይ አንድ የውኃ ቁልል በዓይን ያዙና ታች እስኪደርስ በስልክ ሰዓት ቁጠሩ። ሦስት ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ያንን በራሱ አባዝታችሁ በአምስት ብታባዙ 45 ሜትር ይመጣል። አየሩ ስለሚይዘውና ጣትም ስለሚዘገይ ትንሽ ይበዛል፣ ግን ያለ ሜትር ገደል መለካት ይቻላል ማለት ነው።

ወቅቱ ላይ ልብ በሉ፦ ለፎቶ መስከረም፣ ለድንጋይ ጥር። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ውኃው እስከ 400 ሜትር ተዘርግቶ ይወርዳል፤ አለቱ አይታይም፣ መንገዱም ያንሸራትታል። ከታኅሣሥ በኋላ ውኃው ይሳሳል፣ አለቱ ይገለጣል። ውኃው የሚያንሰው በበጋ ምክንያት ብቻ አለመሆኑንም ንገሯቸው፤ እዚያው ያሉት ሁለቱ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ሲሠሩ ውኃውን ከፏፏቴው በላይ ያዞሩታል። «ፏፏቴው ደረቀ» ብሎ የሚያዝን ጎብኚ ብዙ ጊዜ የሚያየው የመብራትን ዋጋ ነው።

ለመራመድ የሚቸገር ተማሪ ካለ ግን ዳገትና ቁልቁለቱ ይከብደዋል። ገደሉ አፍ አጥር ስለሌለው ከሃያ ተማሪ በላይ በአንድ መምህር መውሰድም አይገባም።

ዘጌ በጀልባ

ከባሕር ዳር አንድ ሰዓት ገደማ በጀልባ ነው። ጉዞው ራሱ ክፍል ሊሆን ይችላል። ከሐይቁ መሃል ሆኖ ዙሪያውን ሲያዩ «ይህ ጎድጓዳ እንዴት ተፈጠረ?» የሚለው ጥያቄ በራሱ ይመጣል። ሁለት መልስ አለ። በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ጣና ያለው ሦስት የሰመጡ መሬቶች በሚገናኙበት ቦታ ነው ይላል። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው ደግሞ ከ31 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እጅግ ግዙፍ ፍንዳታ ደርሶ መሬቱ ወደ ውስጥ ተደርምሶ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ካልዴራ ፈጠረ ይላል። ሁለቱንም ንገሯቸውና የትኛውን ምን ማስረጃ እንደሚያጠናክረው ይከራከሩበት። የሳይንስ ተማሪ ላልሆነ ሰው ከስም ዝርዝር ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል።

ባሕረ ገብ ምድሩ ላይ ዋናው ትምህርት አፈር ነው። ዘጌ በገዳማቱ ሥርዓት በሬ የማይጠመድበት፣ ቡናው በዛፍ ጥላ ሥር የሚያድግበት ደን ነው። አንድ ሊትር ውኃ ደኑ ውስጥ ቅጠል የሸፈነው አፈር ላይ፣ ሌላ ሊትር በሰው እግር የተደቀደቀው መንገድ ላይ አፍስሱና የሚሰርግበትን ጊዜ ቁጠሩ። አንዱ ይጠጣዋል፣ ሌላው ጭቃ ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። ስለ አፈር መሸርሸር ለሚሰጠው ምዕራፍ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

አለት ለማየት ግን ዘጌ ደካማ ነው፤ ደኑ ሸፍኖታል። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ድንጋይም አፈርም አይነሳም። ሴት ተማሪዎች ስላሉ መዳረሻውን አስቀድሞ መምረጥ ያስፈልጋል፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሴቶች ይገባሉ፣ ክብራን ገብርኤልን በመሳሰሉ ገዳማት ግን አይገቡም። ከቀትር በኋላ ማዕበል ስለሚነሳ ጠዋት ተነስቶ ከቀትር በፊት መመለስ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የሕይወት አድን ጃኬት የሌለው ጀልባ በምንም ዋጋ አይከራይም።

የፎገራ ሜዳ እስከ ወረታ

ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማንም ለሽርሽር አይመርጠውም፣ ለትምህርት ግን ከጢስ ዓባይ ቀጥሎ አስቀምጠዋለሁ። ኢኮኖሚክስ፣ ሕግ ወይም የልማት ጥናት ለሚያጠኑ ደግሞ አስቀድመዋለሁ።

ጉማራና ርብ ከምሥራቁ ደጋ አፈር ተሸክመው ይወርዳሉ። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ፍጥነታቸው ይቀንሳል፣ ጭነታቸውን ያራግፋሉ። ሜዳው የተሠራው በዚህ መንገድ ነው። የወንዙ አልጋ በደለል ከፍ ሲል ደግሞ ክረምት ላይ ውኃው ወደ ማሳና ወደ ቤት ይወጣል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራን ያጥለቀለቀው ጎርፍ እስከ ዛሬ የሚነሳው በዚህ ነው። ያው ውኃ የሚተኛበት ጥቁር አፈር ግን ፎገራን የሩዝ አገር አድርጎታል። አደጋውና ሀብቱ ከአንድ ምንጭ መውጣቱን ተማሪው ገበሬውን ጠይቆ ይሰማዋል።

ዋልካውን በእጃቸው ይያዙት። እርጥቡን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ስትገፉት ሳይበጠስ ረዝሞ ይወጣል፤ ሸክላ የበዛበት አፈር መለያው ይህ ነው። በየካቲትና በመጋቢት ብትሄዱ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ታገኙታላችሁ፤ ቀጭን እንጨት ስንጥቁ ውስጥ አስገብታችሁ ጥልቀቱን ለኩ። ሲርስ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር አፈር ላይ የተሠራ ቤት ግድግዳው ለምን እንደሚሰነጠቅ ወዲያው ይገባቸዋል። ከጉማራ ድልድይ አካባቢ በላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ቀድታችሁ መኪናው ውስጥ አቁሙት፤ ስትመለሱ ከታች የተቀመጠውን ደለል በማስመሪያ መለካት ነው። በሐምሌና በኅዳር የተቀዳው የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል።

ሰዓት ከተረፈ ወደ አዲስ ዘመን አቅጣጫ ቀጥሎ አሞራ ገደልን ማየት ይቻላል፦ በእሳተ ገሞራ ጉሮሮ ውስጥ የረጋ ቅልጥ አለት፣ ዙሪያው ሲሸረሸር ብቻውን ቀጥ ብሎ የቀረ።

ግሽ ዓባይ

ሰከላ ያለው የግልገል ዓባይ ምንጭ የተከበረ ቦታ ነው፤ ለማየት መሻትም ተገቢ ነው። ለአንድ ቀን የጀማሪ ጉዞ ግን አልመክረውም። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት አለው፤ ቀኑ በመንገድ ያልቃል። ቦታው ጠበል ስለሆነ ጾሞ መግባትና ከአገልጋዮቹ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ለክፍል ሙከራ አይሆንም። የሚያስተምረው አንድ ትልቅ ነገር የተፋሰስ አነሳስ ነው፤ እሱም ከካርታ ጋር ካልሆነ አይገባም። ግልገል ዓባይ ከጣና ገባር ወንዞች ትልቁ ሲሆን ከጉማራ፣ ከርብና ከመገጭ ጋር ሆኖ ወደ ሐይቁ ከሚገባው የወንዝ ውኃ አብዛኛውን ያመጣል። ሱዳን ድንበር ከሚደርሰው የዓባይ ውኃ ግን ከጣና የሚወጣው ከአሥር እጅ አንዱን አይሞላም፤ ሌላው ከታች ካሉት ገባሮች ነው። ይህን ለማስረዳት ባሕር ዳር ላይ ካርታ መዘርጋት ይበቃል።

ስለ ፍል ውኃ ለማስተማር የሚፈልግ ካለ ደራ ወረዳ፣ ጉማራ ወንዝ አጠገብ ያለው የዋንዛዬ ፍል ውኃ ይቀርባል። እሱም ሰው ለፈውስ የሚሄድበት ስለሆነ በብዛት መግባት አይገባም።

በአንድ እይታ

| መዳረሻ | በዓይን የሚታየው | ሰዓት | ወጪ ለአንድ ሰው | ጥሩው ወቅት | ዋናው ጥንቃቄ |
|---|---|---|---|---|---|
| የከተማው ዳርቻ | የሐይቅ ከፍታ፣ አሸዋ፣ ነፋስ | ግማሽ ቀን | ከሁሉ ያነሰ | ጥቅምት እና ግንቦት | ጉማሬ |
| ጢስ ዓባይ | ባዛልት፣ ፏፏቴ፣ ሸለቆ | ሙሉ ቀን | መካከለኛ | ታኅሣሥ–የካቲት | ገደል፣ የመንገድ ሰላም |
| ዘጌ | አፈርና ደን፣ የጎድጓዳው አፈጣጠር | ግማሽ ቀን | ሰው ሲያንስ ውድ | ኅዳር–ጥር ጠዋት | ማዕበል |
| ፎገራ | ደለል፣ ጎርፍ፣ ዋልካ | ሙሉ ቀን | መካከለኛ | ኅዳር ወይም የካቲት–መጋቢት | የመንገድ ሰላም |
| ግሽ ዓባይ | የተፋሰስ ራስ | ማደሪያ ይፈልጋል | ከሁሉ የበዛ | ኅዳር–ጥር | ርቀት፣ የቦታው ሥርዓት |

ለማን የትኛው

ገንዘብ ከሌለ ዳርቻው ይበቃል፤ ግን ሁለት ጊዜ ውጡ፣ አንዴ በጥቅምት አንዴ በግንቦት። ከአንድ ቋሚ ድንጋይ አጠገብ ሆናችሁ ውኃው የደረሰበትን በፎቶና በሜትር መዝግቡ። ሁለት የዳርቻ ጉብኝት ከአንድ የግሽ ጉዞ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ተማሪው ለውጥን የሚያየው ሁለት ጊዜ ሲያይ ነውና።

መጠነኛ ገንዘብ ያለው፣ ከሃያ የማይበልጥ ቡድን ጢስ ዓባይን ይያዝ፤ አላታ ድልድይንም ሳያይ አይመለስ። ሃምሳና ስልሳ ተማሪ ይዞ የሚወጣ መምህር ወደ ፎገራ አውቶቡስ ቢወስድ ይሻለዋል፤ ሜዳ ስለሆነ ቁጥጥሩ ቀላል ነው፣ ለመራመድ የሚቸገር ተማሪም ከመኪናው ሁለት እርምጃ ወርዶ አፈሩን መያዝ ይችላል። ቱሪዝም ወይም ታሪክ ለሚያጠኑ፣ ጀልባውን የሚሞላ ሰው ካለ፣ ዘጌ ይስማማቸዋል። ግሽን ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዓመት ክበብ፣ አዳር ለሚችል ተዉት።

የመንገዱ ወሬ የማያስተማምን ከሆነ ወይም ስፖንሰር የተባለው ገንዘብ ከዘገየ ኮርሱ እስኪያልቅ አትጠብቁ። ማግኔት፣ ፌስታል፣ ማስመሪያ፣ ኮምጣጤና ሁለት ባዶ ጠርሙስ ይዛችሁ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሐይቁ ውረዱ።